የአባይ ደለል፦ ከማረሻ ጫፍ እስከ ንጋት ሐይቅ

ጤፍ ደቃቅ እህል ነው፤ ደቃቅ እህል ደግሞ ደቃቅ አፈር ይፈልጋል። የጎጃም፣ የጎንደር፣ የሸዋና የወሎ ገበሬ የጤፍ ማሳውን ከሦስት እስከ አምስት ጊዜ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ያርሰዋል። ጓሉን ይሰብራል፣ አረሙን ይነቅላል፣ በአንዳንድ ቦታ ከብት አስገብቶ ያስረግጠዋል። ዘሩን የሚበትነው ግን ክረምቱ ከገባ በኋላ፣ አብዛኛውን ጊዜ ሐምሌ ውስጥ ነው። ጣጣው የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። በሰኔ አጋማሽና በሐምሌ መጀመሪያ የሚወርደው ዝናብ ማሳውን የሚያገኘው አልፎ አልፎ እንኳ ቅጠል ሳይኖርበት፣ ለስልሶ እንደ ዱቄት ሆኖ ነው። ቡቃያው መሬቱን አልብሶ ጠብታውን መመከት ሲጀምር ነሐሴ ገብቷል፤ የዓመቱ አፈር አብዛኛው ደግሞ ሄዷል።

በአባይ ገባር ወንዞች ላይ ውሃ እየቀዱ ደለል የሚለኩ ሰዎች ይህን ከዓመት ዓመት ያዩታል። ወንዙ በጣም የሚደፈርሰው በጣም በሚሞላበት ጊዜ አይደለም፤ ቀደም ብሎ ነው። ነሐሴ ላይ ውሃው ይበዛል፣ በአንድ ሊትር ውስጥ ያለው አፈር ግን ከሐምሌው ይቀንሳል። ይህች የጥቂት ሳምንታት ልዩነት ቀላል ትመስላለች፤ ዛሬ ጉባ ላይ ከታላቁ ህዳሴ ግድብ ጀርባ በተኛው ውሃ ዕድሜ ላይ ግን ትልቅ ትርጉም አላት። አባይ ሲነሳ ብዙ ጊዜ የምንሟገተው ስለ ሜትር ኩብ ነው። ከአሁን በኋላ እኩል ልንነጋገርበት የሚገባው ስለ ቶን ይመስለናል።

መጀመሪያ መንገዱን እንከተል። ግሽ ዓባይ ሰከላ ላይ ከምትፈልቀው ምንጭ የሚነሳው ግልገል አባይ ጣና ይገባል፤ ጉማራ፣ ርብና መገጭም እዚያው ይገባሉ። ከባሕር ዳር የሚወጣው ውሃ በጢስ አባይ ተወርውሮ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ይወርዳል፣ ጎጃምን እንደ ቀለበት ይዞራል፣ ከዚያ ወደ ምዕራብና ወደ ሰሜን ምዕራብ ታጥፎ ወደ ሱዳን ይሄዳል። ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,786 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ጉባ ላይ የወንዙ ወለል ወደ 500 ሜትር ይወርዳል። ከጎሃ ጽዮን ወደ ደጀን በመኪና የተሻገረ ሰው ወንዙ ምን ያህል እንደቆፈረ በዓይኑ አይቷል፦ ላይ ጥቁሩ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፣ ከሥሩ የኖራ ድንጋይና የአሸዋ ድንጋይ በየተራ ተነባብረው ይታያሉ።

ብዙ ሰው አባይን የጣና ልጅ አድርጎ ያየዋል። በስም ልክ ነው፣ በሒሳብ ግን አይደለም። ድንበሩ ላይ በዓመት በአማካይ 49 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ ውሃ ያልፋል፤ ከዚህ ውስጥ ከጣና የሚወጣው 4 ቢሊዮን እንኳ በጭንቅ ነው፣ ከመቶ 8 ገደማ። የቀረው በሽሎ፣ ወለቃ፣ ጀማ፣ ሙገር፣ ጉደር፣ ፊንጫ፣ ዴዴሳ፣ ዳቡስና በለስ፣ እንዲሁም ስማቸው በካርታ ላይ የማይጻፍ የጎጃም ጅረቶች የሚያመጡት ነው። ዳቡስ ረግረግ አቋርጦ ስለሚመጣ ውሃው ከሌሎቹ የጠራ ነው። ጣናም ራሱ ትልቅ ማጥለያ ነው፤ ጉማራና ርብ የሚያመጡትን አፈር እዚያው ያስቀረዋል፣ ከ2011 እ.ኤ.አ. ወዲህ የሐይቁን ዳርቻ የወረረው እምቦጭም በዚሁ አፈርና ማዳበሪያ ነው የሚደልበው። ጉባ የሚደርሰው ድፍርስ እንግዲህ በዋናነት የሸለቆው ግራና ቀኝ፣ ማለትም የሚታረሰው ደጋና ወይና ደጋ ነው።

ነጭ አባይ የሌላ ዓለም ወንዝ ነው። ከቪክቶሪያ ሐይቅ ተነስቶ ደቡብ ሱዳን ውስጥ በሱድ ረግረግ ተዘርግቶ ከውሃው ግማሽ ያህሉ በትነት ይጠፋል፤ አፈሩንም እዚያ ይተዋል። የተረፈው ዓመቱን ሙሉ ተመጣጥኖ ይፈስሳል። ጥቁር አባይ ግን በነሐሴ ብቻ 15 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ ያወርዳል፣ በሚያዝያ ከ1 ቢሊዮን በታች ይወርዳል። ከዓባይ ተፋሰስ ወደ ግብፅ ሲወርድ ከኖረው ደለል ከ95 በመቶ በላይ የሚሆነው ከጥቁር አባይና ተከዜን ከሚቀበለው ከአትባራ የመጣ ነው። የጥንት ግብፆች አገራቸውን «ጥቁሩ ምድር» ይሉ የነበረው ይህንኑ ከደጋ የወረደ አፈር አይተው ነው።

የዚህ አፈር ጉዞ ከሐምሌ 2012 ዓ.ም. ጀምሮ ተቆርጧል። በዚያ ክረምት የታላቁ ህዳሴ ግድብ የመጀመሪያውን 4.9 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ያዘ፤ በየካቲት 2014 ኃይል ማመንጨት ጀመረ፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ተመረቀ። ከግድቡ ጀርባ የተኛው ንጋት ሐይቅ ሲሞላ ከባሕር ጠለል በላይ 640 ሜትር ላይ ይደርሳል፣ 1,874 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሸፍናል፣ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ይይዛል። ስፋቱ ከጣና በእጅጉ ያንሳል፤ የሚይዘው ውሃ ግን ከጣና እጥፍ ይበልጣል፣ ምክንያቱም ጣና ሰፊ ሳህን ሲሆን ንጋት ጥልቅ ገደል ነው። «አባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል» የሚባለው ተረት ከዚህ ወዲያ በቁሙ አይሠራም። ማደሪያ አግኝቷል፤ ሸክሙንም የሚያራግፈው እዚያው ማደሪያው ነው። (ግንዱም ቢሆን ዘይቤ ብቻ አይደለም፤ ተንሳፍፎ የሚመጣ እንጨት ከተርባይን መግቢያ ፊት ካለው የብረት ወንፊት ላይ ይለጠፋል፣ በየጊዜው መነሳት አለበት።)

ስንት አፈር ነው? ጥናቶቹ አንድ ቁጥር ላይ አይስማሙም፤ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ድንበሩ ላይ በዓመት 140 ሚሊዮን ቶን ገደማ የሚለው ነው። አንድ ሜትር ኩብ ደለል 1.2 ቶን ገደማ ይመዝናል ብለን ብናሰላ፣ በዓመት ወደ 117 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ቦታ ይይዛል ማለት ነው። ከ74 ቢሊዮን አንጻር ኢምንት ነው። ግድቡ ሥራውን የሚያቆምበት ዝቅተኛ ከፍታ 590 ሜትር ነው፤ ከዚያ በታች ያለው 14.8 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ለዋነኞቹ ተርባይኖች አይቆጠርም፣ የደለል ማረፊያ ተደርጎ ነው የሚታሰበው። 14.8 ቢሊዮንን በ117 ሚሊዮን ብናካፍል ከ120 ዓመት በላይ ይመጣል። እንግዲህ ምን ያስጨንቃል?

የሚያስጨንቀው ደለል እንደ ስኳር ከሥር ተደልድሎ የማይቀመጥ መሆኑ ነው። ወንዝ ወደ ቆመ ውሃ ሲገባ ፍጥነቱን ያጣል፤ ሲዘገይ መጀመሪያ ጠጠሩንና አሸዋውን ይጥላል፣ ቀጥሎ ደቃቁን አሸዋ፣ ሸክላው ብቻ ወደ ግድቡ ይጠጋል። ስለዚህ ክምሩ የሚጀምረው ከግድቡ ሥር ሳይሆን ከሐይቁ ራስ፣ ወንዙ ከሚገባበት ነው። ያ ቦታ ከ590 በላይ ነው፤ በየዓመቱ የምንሞላውና የምናወጣው፣ ኃይል የሚሆነው ውሃ የሚቀመጥበት። ለዚህ ማስረጃ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በአስዋን ከፍተኛ ግድብ ጀርባ ከ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተጠራቀመው ደለል አብዛኛው ያለው ግብፅ ውስጥ ግድቡ አጠገብ አይደለም፤ በመቶዎች ኪሎ ሜትር ወደ ላይ፣ ሱዳን ውስጥ ባለው የሐይቁ ክፍል ነው። ለደለል ተብሎ ከሥር የተተወው ቦታ ገና ሰፊ እያለ ላይኛው ጫፍ ይሞላል።

ሱዳን ይህን ትምህርት በውድ ዋጋ ገዝታዋለች። ከጉባ በታች ያለው የሮዛሪስ ግድብ በ1966 እ.ኤ.አ. ሲጠናቀቅ 3.3 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ ይይዝ ነበር፤ በአርባ ዓመት ውስጥ ሲሶ ያህሉን ደለል በላው፣ በ2013 እ.ኤ.አ. ግድቡን 10 ሜትር ከፍ ማድረግ ግድ ሆነ። አትባራ ላይ ያለው ኻሽም ኤል ግርባ የባሰ ነው፤ በ1964 እ.ኤ.አ. በ1.3 ቢሊዮን ተጀምሮ ከግማሽ በላዩን አጥቷል። ሱዳኖች ያገኙት መላ ብልህ ነው፦ ሐምሌና ነሐሴ ላይ፣ ውሃው በሚደፈርስበት ጊዜ፣ የሮዛሪስን ሐይቅ ዝቅ አድርገው በሮቹን ከፍተው ድፍርሱን ያሳልፋሉ፤ መሙላት የሚጀምሩት ጎርፉ ካለፈ በኋላ፣ መስከረም አካባቢ ነው።

ይህ መላ ለጉባ አይሠራም። ሮዛሪስ ያኔ የሚይዘው የወንዙን የጥቂት ሳምንት አማካይ ፍሰት ነበር፤ ንጋት የሚይዘው የአንድ ዓመት ተኩል ፍሰት ነው። ውሃው ከዓመት በላይ ስለሚቆይ ሸክላው ሳይቀር ይረጋል፣ የሚገባው አፈር ማለት ይቻላል ሁሉም ይቀራል። በር ከፍቶ ማጠብም ሐይቁን ባዶ ማድረግን ይጠይቃል፤ ያን የሚያደርግ አይኖርም። አንድ ጊዜ የገባ ደለል ገባ ነው። በመርከብ እየጠረጉ ማውጣት ይቻላል ለሚሉ፣ በዓመት 117 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ማለት 20 ሜትር ኩብ የሚጭን ገልባጭ መኪና በቀን ከ16 ሺህ ጊዜ በላይ ሲመላለስ ማለት እንደሆነ ያስቡት።

ለሱዳን ግን ዜናው በአብዛኛው መልካም ነው። የሮዛሪስና የሰናር ሐይቆች ይተነፍሳሉ፤ ወደ 900 ሺህ ሄክታር የሚያለማው የገዚራ እርሻ ቦዮቹን ለማስጠረግ በየዓመቱ የሚያወጣው ወጪ ይቀንሳል። ኪሳራም አለው፦ ካርቱም አካባቢ በወንዝ ዳር ደለል ቀይ ጡብ የሚሠሩ ሰዎች ጥሬ ዕቃቸው ይሳሳል፣ ጎርፍ ሲሸሽ በረጠበው ዳርቻ ላይ የሚዘሩ ገበሬዎች ማሳቸው ይጠባል። ከግድብ የሚወጣ ጥርት ያለ ውሃ ደግሞ የተራበ ነው፤ ያጣውን አፈር ከዳርቻውና ከወለሉ እየቆረሰ ይሄዳል። ከአስዋን በታችም ግብፅ ያጋጠማት ይኸው ነው፤ ደለሉ ሲቀር አባይ ሜዲትራኒያን በሚገባበት የራሺድ (ሮዜታ) የባሕር ዳርቻ በማዕበል እየተበላ ገባ።

አሁን ወደ ውሃው ጊዜ እንመለስ፣ ምክንያቱም በመስከረም 2018 የተነሳው ክርክር እዚህ ላይ ነው። ሱዳን ውስጥ ጎርፍ ደረሰ፣ ግብፅ የግድቡን አስተዳደር ወቀሰች፣ ኢትዮጵያ ወቀሳውን አልተቀበለችም። ማን ምን አደረገ የሚለውን ለመፍረድ የየዕለቱ የገቢና የወጪ መዝገብ ያስፈልጋል። ሒሳቡ ግን ይታወቃል። ግድቡ 11 ባለ 400 ሜጋ ዋት እና 2 ባለ 375 ሜጋ ዋት ተርባይኖች አሉት፣ በድምሩ 5,150። ሐይቁ ከፍ ብሎ ሳለ አንድ ባለ 400 ተርባይን በሙሉ ኃይሉ ሲዞር በሰከንድ 350 ሜትር ኩብ ገደማ ይውጣል። 13ቱም ቢዞሩ በሰከንድ 4,500 ገደማ ነው። የነሐሴ አማካይ ፍሰት ደግሞ በሰከንድ ከ5,500 ይበልጣል። ማለትም ሐይቁ ጢም ብሎ ነሐሴን ከተቀበለ፣ ተርባይኖቹ ሁሉ ቢሠሩ እንኳ የተረፈው በማስተንፈሻ በሮች መውጣት አለበት፤ ለመብራቱ ሳይሆን ለጎርፉ ነው የሚሄደው።

መፍትሔው በክረምት አይገኝም፤ በበጋ ነው። ከጥቅምት እስከ ግንቦት ውሃውን በኃይል ማመንጫነት እያወጡ ሐይቁን ዝቅ ማድረግና ለሚመጣው ክረምት ቦታ ማዘጋጀት ያስፈልጋል። ይህ ደግሞ የሚወሰነው በፍላጎት ነው፦ ኃይሉን የሚወስድ የማስተላለፊያ መስመርና ገዢ ከሌለ ውሃው አይወጣም። እዚህ ላይ ሌላ ብዥታም ይጥራ። የወንዙ የዓመት አማካይ በሰከንድ 1,550 ሜትር ኩብ ገደማ ስለሆነ፣ ዓመቱን ሙሉ ያለማቋረጥ ማሽከርከር የሚችለው ከአራት እስከ አምስት ተርባይን ነው። በዓመት ይመነጫል ተብሎ የተሰላው 15,700 ጊጋ ዋት ሰዓት ገደማም ከዚሁ ጋር ይገጥማል። 13ቱ አንድ ላይ የሚያስፈልጉት ፍላጎት ከፍ በሚልበት የምሽት ሰዓትና ጎርፉን ለመጠቀም ነው፤ «ለምን ሁሉም አይዞሩም» የሚለው ጥያቄ መልሱ ወንዙ ውስጥ ነው። በመጋቢት 2007 ካርቱም ላይ የተፈረመው የመርሆዎች መግለጫ የመረጃ ልውውጥን ይጠቅሳል። ሮዛሪስ ከጉባ ብዙም ስለማይርቅ፣ የየዕለት ቁጥር አስቀድሞ መድረሱ ከማንም በላይ የሱዳን በር ከፋቾችን ይጠቅማል።

ደለሉን የሚያስቆመው ቦታ ግን ጉባ አይደለም። ማሳው ነው። በኢትዮጵያ ደጋ ከሚታረስ መሬት በዓመት በሄክታር 42 ቶን አፈር ይታጠባል የሚለው የ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ግምት እስካሁን ይጠቀሳል፤ ውፍረቱ ሲሰላ 4 ሚሊ ሜትር አይሞላም፣ ለዚህም ነው ገበሬው ከዓመት ዓመት የማያየው። በየዓመቱ ጥርና የካቲት ላይ ሕዝብ እየወጣ እርከን የሚሠራውም ለዚሁ ነው። ሥራው መኖሩ ጥሩ ነው፤ አሠራሩ ግን ብዙ ቦታ ይበላሻል።

የአፈር እርከን ሲሠራ ከታች ወደ ላይ ወይም በዓይን ግምት አይሄድም። ሁለት እኩል ቁመት ያላቸው ዘንጎች፣ በመካከላቸው 10 ሜትር ሲባጎ፣ በሲባጎው መሃል የውሃ ልክ ተንጠልጥሎ ነው መስመሩ የሚቀየሰው። ቦዩ 50 ሴንቲ ሜትር ይጠልቃል፣ አፈሩ ወደ ታች ተደፍቶ ከተጠቀጠቀ በኋላ ቢያንስ 60 ሴንቲ ሜትር ከፍ ማለት አለበት። ተዳፋቱ 10 በመቶ ከሆነና በሁለት እርከን መካከል 1.5 ሜትር የከፍታ ልዩነት ከተያዘ፣ ርቀታቸው 15 ሜትር ይሆናል። ቅየሳው አንድ ቦታ ላይ እንኳ ዝቅ ካለ፣ በመስመሩ ያለው ውሃ በሙሉ እዚያች ቦታ ተሰብስቦ ይደረምሰዋል፤ የተደረመሰ እርከን ደግሞ ካልተሠራ የባሰ ነው፣ የተበተነውን ውሃ አንድ ላይ አድርጎ የታችኛውን እርከን ይመታዋል። ከመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ማግስት መስመሩን ዞሮ አይቶ የተሸነቆረውን መድፈን የግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ ሐምሌ እስኪያልቅ ከቆየ ግን ቦረቦር ይሆናል።

ትልቁ ስህተት ግን ደረቅ አገር የሠራውን እርጥብ አገር ላይ መገልበጥ ነው። ትግራይና ሰሜን ወሎ ዝናብ ስለሚያጥር እርከኑ ዝም ብሎ ውሃ እንዲይዝ ለጥ ተደርጎ ይሠራል። ያንኑ ወስዶ ዝናብ በሚበዛበት የጎጃም ዋልካ ላይ ማድረግ ማሳውን ያጠቃዋል፤ ውሃው ከእርከኑ ጀርባ ተኝቶ ሰብሉን ያቢጫዋል፣ አይጥ ይራባበታል። ገበሬው በሦስተኛው ዓመት አርሶ ያፈርሰዋል፤ እውነቱን ነው። ለእርጥብ ቦታ መስመሩ ከግማሽ እስከ አንድ በመቶ ዘንበል ብሎ፣ ትርፉን ውሃ ሣር ወደ ለበሰ የጋራ መፋሰሻ ማውጣት አለበት። መፋሰሻው ቀድሞ ካልተዘጋጀ እርከኑ ውሃውን የሚያወርደው ጎረቤት ማሳ ላይ ነው፤ የብዙ ቀበሌ ጠብ ከዚህ ይነሳል። ገበሬው በራሱ የሚያወጣው ፈሰስም እንዲሁ ነው፦ ውሃ እንዳይተኛ ተዳፋቱን ሰያፍ ሰንጥቆ ያወርደዋል፣ ፈሰሱ ቁልቁል ከበዛ ግን በሁለትና ሦስት ክረምት ጉድባ ይሆናል።

ሌላው መሬት ነው። የእርከኑ ጉብታ፣ ቦዩና በመካከላቸው የሚተወው ጠርዝ አንድ ላይ 1.75 ሜትር ገደማ ይይዛሉ፤ በየ15 ሜትሩ ሲደጋገም ከማሳው ከአሥር እጅ ከአንዱ በላይ ይወስዳል። ግማሽ ሄክታር ላለው ሰው ይህ የአንድ ወር ቀለብ ሊሆን ይችላል። ጉብታው ላይ ደሾ፣ ቬቲቨር ወይም ዝሆኔ ሣር ሲተከል ግን የጠፋው መሬት መኖ ሆኖ ይመለሳል፣ ሥሩም አፈሩን ያስረዋል። ችግሩ ልቅ ግጦሽ ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ እህል ሲነሳ የመንደሩ ከብት ሁሉ ማሳው ላይ ይሰማራል፣ ሣሩን ነቅሎ እርከኑን ረግጦ ይንደዋል። አጭዶ ማብላት ላይ ያልተስማማ ቀበሌ እርከኑን በየዓመቱ እንደ አዲስ ይሠራል፤ በዘመቻ ሪፖርት ላይ ያ ሥራ በኪሎ ሜትር ተቆጥሮ ደምቆ ይታያል።

መለካቱም የራሱ ጣጣ አለው። የንጋት ሐይቅ ወለል በየጥቂት ዓመቱ በጀልባ፣ በድምፅ ሞገድ፣ በዚያው በተወሰነ መስመር ላይ ካልተለካ ክምሩ የት እንደደረሰ አይታወቅም፤ ንጽጽር የሚቻለው የመጀመሪያው ልኬት ቀድሞ ከተያዘ ብቻ ነው። ከላይ በየገባሩ ደግሞ አንድ ሰው ጠርሙስ ይዞ ውሃ ይቀዳል፤ ውሃው ተጣርቶ ይደርቃል፣ አፈሩ ይመዘናል። ቀላል ሥራ ነው። ትንንሽ ገባሮች ግን ሞልተው የሚጎድሉት በጥቂት ሰዓት ውስጥ ነው። ደጋው ላይ የክረምት ዝናብ የሚጥለው አብዛኛውን ጊዜ ከሰዓት በኋላና ምሽት ላይ በመሆኑ ጎርፉ ማታ ይወርዳል፤ ጠዋት በሥራ ሰዓት ጠርሙሱን ይዞ ወደ ወንዙ የሚወርደው ሰው የሚቀዳው ጎርፉ ካለፈ በኋላ የቀረውን፣ ግማሽ የጠራውን ውሃ ነው።